የቅዳሜ ችሎት

ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚህ አዳራሽ አፌ የእኔ አይደለም፤
ሌላው «ሰረቅሁ» ሲል «ሰረቅሁ» እላለሁ፣ የሚይዘኝ የለም።
አስተርጓሚ ነኝ። ክፍያዬ በሰዓት፣ ወንበሬ በጥግ፣
ከሰው ምላስ ወደ ሰው ጆሮ የምመላለስ በሕግ።

ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው። ሱ ፎልስ ላይ በረዶ ሲጥል አድሯል፤
የበሩ ጠባቂ አወቀኝና «ዛሬም ሥራ?» ብሎኛል።
«ዛሬስ አባት ነኝ» አልኩት። ቀበቶዬን ፈታሁ፤
ገብቼ በማላውቀው በኩል፣ ከተመልካች ጋር ተቀመጥሁ።

ልጆቹ በሱፍ ልብስ፣ እጅጌው ከጣታቸው በልጦ፣
የአንዱ ከረባት በአባቱ እጅ ታስሮ ወደ ጎን አፈንግጦ፣
ጠበቃ ሆነው፣ ምስክር ሆነው፣ ዓቃቤ ሕግ ሆነው
ሳል ሳል ይላሉ፤ የሁለቱ ድምፅ ገና እየጎረነነ ነው።

ክሱ፦ የተቃጠለ ጎተራ። ወረቀት ላይ የነደደ፣
አንዲት ፍሬ ያልከሰለችበት፣ ማንም ያልከሰረ፣ ያልተሰደደ።
ተከሳሽ፦ ሮቢን፤ ወንድም ሴትም የሚጠራበት ስም።
ዛሬ ጠዋት ሮቢን ልጄ ናት፣ ምዕራፍ።
ሰባት ገጽ ቃል ሰጥተዋታል፤ ክልክል ነው ከሰባቱ ማለፍ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ሳህን ስታጥብ፣
«ክብሪት አልነበረኝም። ክብሪት አልነበረኝም።»
እኔም ሳሎን ሆኜ፣ ማንም ሳይከፍለኝ፣ በልቤ ስተረጉም።

ኮልተን ሃልቨርሰን ተነሣ፣ ቁመቱ እንደ መብራት ምሰሶ፤
«ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት የት ነበርሽ?» አላት ድምፁን አለስልሶ።
(እኔም ከኋላ፣ በልማዴ፣ ሁለቱን ስምንት አልኩት።)
«ከመኪናሽ ወንበር ሥር ጓንቱን የጣለው ማን ነው?»
ይሄ በገጹ የለም። አየሁ፣ ዓይኗ በባዶ አየር
ወረቀት ሲገልጥ ለብቻው።
አንድ ትንፋሽ። ሁለት።
«አላስታውስም» አለች።

ቃሉን አውቀዋለሁ።
ማክሰኞ ዕለት፣ እዚሁ፣ እሷ በተቀመጠችበት ወንበር፣
ከሥጋ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የመጣ ሰው ነበር፤
እጁ በቢላና በብርድ የተሰነጠቀ፣
«ወንድሜ፣ እንጃ፣ ጠፋብኝ» አለ፣ ዳኛዋን ትቶ
እኔን እያየ እየተሳቀቀ።
«ወንድሜ»ን አልዘለልኩም። «እንጃ»ንም አልዘለልኩም።
«እንጃ» ግን ሲሻገር ፍርሃቱ አብሮት አይሻገርም፤
እንግሊዝኛው ላይ ደረቀ፣ ደፋር መሰለ።
ዳኛዋ አንድ መስመር ጻፈች።
ለዚያ ዝምታው ነጥብ የሰጠው የለም።

ለምዕራፍ ግን ሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች ራሳቸውን ነቅንቀው
ከአሥር ዘጠኝ ሞሉላት፤ ኋላ ወረቀቱን አይቼው ነው።

ከምሳ በኋላ ገለበጡት፤ የውድድሩ ደንብ ነው፤
የጠዋቱ ተከላካይ የከሰዓቱ ከሳሽ ነው።
ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ሮቢን፣ ጉንጩ ብጉር ያለበት ልጅ።
ልጄ ቆማ፣ ጠዋት እሷ የነበረችውን ሰው በጣቷ ጠቆመች፤
«ክብሪት ነበረው!» አለች፣
በዚያው በጠዋቱ፣ በዚያው በእውነተኛው ድምፅ።
እንዴት አማረባት።
እንዴት አስፈራችኝ።

ጎተራውን ማን እንዳቃጠለ መጨረሻ ላይ አይነገርም።
ጡረታ የወጡት ዳኛ ስለ አቋቋም፣ ስለ ዓይን፣
ስለ እጅ አያያዝ ትንሽ መከሩ፤
ከአሥራ አንድ ቡድን አራተኛ ወጡ፤ ፒዛው በርዷል፤ ተበተኑ።

መኪና ውስጥ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ወደ ማሞቂያው ዘርግታ፤
«አባዬ፣ ሮቢን ጎተራውን አቃጥላዋለች?» አለች ቆይታ።
«አቃጥሎታል» አላለችም። አማርኛ ምረጪ ይላል፣ መረጠች።

የማክሰኞው ሰው ፍርድ ሐሙስ ነው።
ምንም ይሁን ምን በእኔ አፍ ነው የሚሰማው።

«እንጃ» አልኳት።
«እሱ በገጹ የለም፣ ነጥብ ይቀነስብሃል» ብላ ሳቀች፤
መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሯል፣ ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ።